ዳለቻ

ጦሳ ዛሬም የለም።
ጉም ነው የተቀመጠው በተራራው ቦታ፣
ደሴን በጉያው ይዞ፣ ከንጋት እስከ ማታ።
ሦስት ሳምንት ሆነኝ ሸራዬን ወጥሬ፣
ትናንት የሳልኩትን ዛሬ ፍቄ፣ ሽሬ።

መጀመሪያ ጊዜ ተራራ ነው ያልኩት፦
ጫፉን ጫፍ አድርጌ፣ ገደሉን አዘቅት፣
ባሕር ዛፍ ደርድሬ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣
ባጃጇ እንኳን ሳትቀር፣ ከነመታጠፊያ።
ያየው ሁሉ አወቀው፤ «ጦሳ ነው» አለና
አለፈ።
እኔም በቢላዋ ፋቅሁት እንደገና።

እህቴ ትደውላለች ከኮምቦልቻ፦ «ጨረስሽው ወይ?»
ጉም ይጨረሳል እንዴ?
ይነሣል እንጂ፣ ሲፈልግ፣ ሳይነግረኝ።

ሐይቅ ወረድኩ አንድ ቀን በቀትር ሚኒባስ፣
ሆን ብዬ ትቼ ነው ደብተርና እርሳስ።
ከደንገሉ ዳር ላይ እግሬን ውኃ ነክሬ
ምንም አልሠራሁም፤ ዋልኩኝ ተገትሬ።
ነፋስ ውኃው ላይ ይጽፋል፣
ሳይጨርስ ይሰርዛል፤
ዳክዬ ስትሰነጥቀው፣ ውኃው መልሶ ይሰፋል።
ዓሣ አጥማጁ ሙሄ መረቡን ሲቋጥር፣
«ምን ጠፋብሽ፣ እቴ?»
«የሰማይና ውኃ መለያያው ድንበር።»
ሳቀ፦
«ጧት ጧትማ የለም፤
ቀዝፈን ካልነካነው እሱ አይፈጠርም።»

ይህን ቃል ይዤ ነው ዳገቱን የወጣሁ።

ከቦርከና አፋፍ የዛቅሁትን አፈር
በወንፊት ነፍቼ፣ በሙጫ ለውሼ፣
አመድ ጨምሬበት፣ ነጩን ቀናንሼ፣
ቀባሁ። በጨርቅ ጠረግሁ። ደረብኩኝ፣ አፍርሼ።
ተራራ አልሳልኩም አሁን፤
ተራራ ሲጠፋ ደረት ላይ የሚቀረውን ክብደት ነው የፈለግሁት፣
እሱም በብሩሽ አልመጣ ሲለኝ፣ በመዳፌ ገፋሁት።

ሌሊት ዝናብ ጣለ፤ ጣሪያው እንደ ልማዱ
ጠብ፣
ጠብ፣
በሸራዬ መሐል ቁልቁል ቀደደ መንገዱን።
ጧት አየሁትና ጨርቅ አነሣሁ ልጠርግ፣
እጄ አየር ላይ ቀረ።
ያ ቦይ፣ ያልሳልኩት ቦይ፣ የተጣመመው ቦይ፣
ውኃ ከጦሳ ሲወርድ የሚሄድበትን ያውቃል፣
ከእኔ ይልቅ ያውቃል።
ተውኩት።

ቅዳሜ ጋሽ አበጋዝ መጡ ለቤት ኪራያቸው፣
ሠላሳ ዓመት ባቲ ላይ ከብት ሲደልሉ የኖሩ፣
አንደኛው ዓይን በሞራ የተጋረደባቸው።
ሰው ሁሉ «ምንድን ነው?» ይላል እዚህ ሲደርስ።
እሳቸው አላሉም።
ቀረብ አሉ፣ ራቅ አሉ፣ ዞሩት እንደ ወይፈን፤
ጥርሱን ሊያዩ መስሎኝ ሳቄን በእጄ አፈንኩ።
«ይኼ ዳለቻ ነው» አሉ፣ ጉሙን ሳይነኩ፤
«ጠርዙ ገብስማ፤ ይኼኛው ዳማ ነው፣
ዳማም ቢሆን ግን፣ ሜዳ አድሮ ዝናብ የመታው።
ይህን ቦይስ ማን ሠራው፣ ሉባባ?»
«ጣሪያዎ ነው፣ ጋሼ።»
«አሃ» አሉ።
ወደ ጣሪያው ቀና አላሉም።

እኔ ዓመት ሙሉ የቱቦ ላይ ጽሑፍ ሳነብ፦
ግራጫ ቁጥር ሁለት፣ ግራጫ ቁጥር ስምንት፤
ቀለሜ ለካ ስም ነበረው፣ በበረት።

ከዚያ ቀኝ እጄን ሳብ አርገው፣ በጋቢያቸው ሥር
ሦስት ጣቴን ጨበጡ፤ ለቀቁ፤ ደግሞ አንድ።
የከብት ተራ ቋንቋ ነው፣ በጨርቅ ውስጥ የሚነገር፤
በሺህ ይሁን በመቶ፣ እኔ የት አውቄ።
«አይሸጥም» አልኳቸው።
«ማን ልግዛው አለሽ? ዋጋው ይታወቅ ብዬ ነው እንጂ።»

ኪራዩን ቆጥረው ወጡ።
በሩ ላይ ቆሜ ነው እጄን ያየሁት፦
አልደረቀም ለካ።
ቁልቁል ሲወርዱ ጉሙ ነጩን ጋቢ ቀስ እያለ ዋጠው፣
ትከሻውን፣ ከዘራውን፣ እርምጃውን፤
ጥለቱ ላይ የታተሙት አምስት ዳማ ጣቶች ብቻ
ምንም ላይ ሳያርፉ፣
ወደ ገበያው ሄዱ።